የፈተናው ቦርሳ

የተሳፋሪ ጀልባው ጣቢያ የደኅንነት ገምጋሚዋ ሥራ ክፉ ማሰብ ነው። ሌላው ሰው ጀልባ ሲያይ ሽርሽር ይታየዋል፤ እሷን የሚታያት ባለቤት የሌለው ሻንጣ ነው። «የፈሩት ይደርሳል ሲባል አልሰማሽም? ተይ፣ አትጥሪው» ይላታል እዚያው ጀልባ ላይ ትኬት የሚቆርጠው ታናሽ ወንድሟ።

ያን ቀን ጠዋት ሠራተኞቹን ልትፈትን አስባ ነበር። ጥቁር ቦርሳ ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ አጭቃ፣ ወንበር ሥር ደብቃ፣ ያገኙት እንደሆነ ልታይ። ድንገት ስብሰባ ተጠራና ሳታስገባው ቀረች። ወሬው ግን ቀድሟት ኖሯል፤ አስቀድማ የነገረችው ካፒቴን ለመካኒኩ፣ መካኒኩ ለወንድሟ ሹክ ብሏል።

ጀልባው ሁለት መቶ ሰው ይዞ ሐይቁ መሀል ሲደርስ የቢሮዋ ሬዲዮ ጮኸ፤ ወንድሟ ነበር።

«እትዬ! ቦርሳሽን አገኘሁት! ታች ክፍል፣ ከኋላ ወንበር ሥር። ምን ድንጋይ ነው የሞላሽበት? ላነሣው ብል አቃተኝ!»

የእሷ ቦርሳ ቢሮዋ ውስጥ እግሯ አጠገብ ነበር።

«የኔ አይደለም» ልትል አፏን ከፈተችና ቃሉን መልሳ ዋጠችው። የወንድሟን ሬዲዮ ዙሪያው የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሁሉ ይሰሙታል። አንድ ሰው «ቦምብ!» ካለ ሁለት መቶው ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ ጀልባውም ይገለበጣል። ይህን ሪፖርቷ ላይ የጻፈችው ራሷ ናት።

«ጎበዝ» አለች፤ እንዴት እንደወጣላት እግዜር ይወቅ። «አትንካው። ፈተናው ገና አላለቀም። ሰዉን ከግራም ከቀኝም እኩል እኩል፣ ቀስ አድርገህ ወደ ፊተኛው ክፍል ውሰድ።»

በሌላ እጇ ለፖሊስ ደወለች። ጀልባ ይዘው እስኪደርሱ ሃያ ደቂቃ፣ አሏት።

«እናቶች፣ ቀስ! እዚያ ነፋሱ ይሻላል!» ሲል ሰማችው። ሰዉ እየተሳሳቀ ተነሣ።

«ጨረስኩ፣ እትዬ። ታች ከኔ በቀር ማንም የለም።»

«ስማኝ» አለች፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ። «ቦርሳው የኔ አይደለም። የኔ እዚህ እግሬ ሥር ነው። የማን እንደሆነ አላውቅም። ሩጥ!»

ከት ብሎ ሳቀ። «ይቺን ስጠብቅ ነበር! 'ባለቤት የሌለው ዕቃ ሲገኝ አንድ ሠራተኛ ሳይለቅ ይጠብቅ' የሚለውን መመሪያ አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው? ቦታዬን እለቅ እንደሆነ ልታዪ ነው። አልሸወድም!»

«በእናታችን ሞት! ወንድሜ፣ በእናታችን!»

ወንበር ሲጎተት ሰማች።

«አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ፣ እትዬ» አለ። «ዐሥር ከዐሥር ነው የምትሰጪኝ።»