ሳልወርድ ወደ ኋላ አልሄድም

ለጎረቤት፣ ለዘመድና ለሚመለከተው ሁሉ እንዲታወቅ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናችን ታጠበች።

ባለፈው ቅዳሜም ታጥባ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረውም። ባለቤቴ በየሳምንቱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልልና በሁለት ባልዲ ውሃና በአንድ አሮጌ ካናቴራ ያሻታል። ጎማዋን በብሩሽ፣ መስታወቷን በጋዜጣ። ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ራቅ ብሎ ያያታል። ምኗ ቆሽሾ እንደሚታጠብ አይገባኝም፤ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ባትሪዋ ነው» ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባትሪዋ ነው። የወረሳት ከአጎቱ ነው። የአጎቱ ሹፌር አምጥቶ ግቢ አቆማት፣ ቁልፉን ሰጠውና በእግሩ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ባለቤቴን «ካፒቴን» ይለዋል። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው እሱን ሳያማክር አይገዛም። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጥና «ትንሽ ያስላታል» ይላል። አንድ ጎረቤታችን ከአጥር ጋር የተጋጨ ጊዜ መጀመሪያ የተጠራው ካፒቴን ነው። አጥሩን ዞሮ አየና «ፍጥነት» ብሎ ተመለሰ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

መንጃ ፈቃድ እንደሌለው እኔ አውቃለሁ። እናቱም ያውቃሉ። ሰፈሩም የሚያውቅ ይመስለኛል። ግን ማንም አይጠይቅም። ገመና እንደ ጣሪያ ነው፤ አንዷ ቆርቆሮ ከተነሳች የሚዘንበው ሁሉም ላይ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ረዳት ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሃያ ሁለት ሕፃናትን ማሳፈር፣ ማውረድ፣ መቁጠር፣ እንደገና መቁጠር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ወርጄ ከኋላ እቆማለሁ። ሹፌራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔና እሳቸው በቃል አንነጋገርም። የመኪናውን ቆርቆሮ በመዳፌ አንዴ ስመታ ይመጣሉ፤ ሁለቴ ስመታ ይቆማሉ። አንዴ ማለት ና፣ ሁለቴ ማለት በቃ።

የአራት ዓመት ልጅ ከመኪና ኋላ ሲቆም ለሹፌሩ የለም ማለት ነው። ስፖኪዮ አያየውም፣ መስታወት አያየውም። አንድ ቀን አንዱ ላጲሱ ወድቆበት ከኋላ ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሎ ነበር። ሁለቴ መታሁ። ጋሼ ቆሙ። በልጁና በጎማው መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ልጁ ላጲሱን አንስቶ «አገኘሁት!» አለኝ። እኔ ግን ሃያ ሁለቱንም ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ለዚህ ነው የምወርደው፤ ሌላ ፍልስፍና የለኝም።

ታዲያ ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሆነና ርእሰ መምህሯ ቢሮ ጠሩኝ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ከያዝሽ ቦታው ያንቺ ነው» አሉኝ። «ካልሆነ ሰርቪሱን ለኮንትራት ድርጅት መስጠታችን ነው። እነሱ ደግሞ የራሳቸውን ረዳት ይዘው ነው የሚመጡት።»

«ይዣለሁ በሉት» አልኩ።

መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር።

ማታ ራት ላይ ለቤተሰቡ ተናገርኩ። አማቴ ጉርሻቸውን ሳይውጡ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የስፌት መኪና መሰለሽ እንዴ?»

«የስፌት መኪናማ ባትሪ አይፈልግም፣ እማዬ።»

ባለቤቴ ውሃ ትን አለው። አማቴ ጀርባውን እየመቱለት «እሱ እያለ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?» አሉ። እሱ እያለ መሆኑ እኔንም ሲገርመኝ የኖረ ነገር ስለሆነ ወጥ ጨመርኩላቸው።

በማግስቱ ግን ካፒቴን ራሱ ሊያስተምረኝ ተነሳ። ሳሎን መካከል ወንበር አስቀመጠ፣ የድስት ክዳን መሪ ሆነ፣ ሦስት ጫማ ደርድሮ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ አደረጋቸው። የፍሬኑ ጫማ የአማቴ ነበር፤ እየፈለጉት ዞሩ።

«ፍሪሲዮን እንደ ትዳር ነው» አለኝ። «በድንገት ከለቀቅሽው ሞተሩ ይጠፋል።»

«ይዤው ከቆየሁስ?»

«ይቃጠላል።»

ትምህርቱ፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ጥሩ ነበር። «የፈተናው ሜዳ ላይ ስትደርሺ ከግራ ሦስተኛዋን የፕላስቲክ ኮን እንዳታምኛት፤ ጠማማ ናት፤ በእሷ ከለካሽ ትሳሳቻለሽ» አለኝ አንድ ቀን። ከየት አወቅህ አላልኩትም። አልፎ አልፎ ሐሙስ ጠዋት «ስለ ባትሪዋ ልጠይቅ» እያለ የሚወጣውንም አስታወስኩ። ገመና ጣሪያ ነው ብያለሁ።

እውነተኛው ማሠልጠኛ ውስጥ አሠልጣኙ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ማስቲካ የማይለየው ጎረምሳ ነው። ማዘር ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ስድስት ጊዜ ጠፋብኝ፤ በሁለተኛው አራት ጊዜ፤ በአምስተኛው ቀን ዳገት ላይ ሳልንሸራተት ተነሳሁና ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ መጣ።

የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ማርሹን አወጣሁ፣ ቀበቶዬን ፈታሁና በሩን ከፈትኩ።

«ማዘር! ወዴት ነው?»

«ከኋላ ልይ።»

«ስፖኪዮ አለልዎ እኮ!»

«ስፖኪዮው ስንት ቁመት ድረስ ያያል?»

«የምን ቁመት?»

«የአራት ዓመት ልጅ።»

ዙሪያውን አየ። «እዚህ ሜዳ ላይ ልጅ የለም። ኮን ነው ያለው።»

«ልማድ ኮንና ልጅ አይለይም።»

ወርጄ አይቼ ተመለስኩ። በየቀኑ ወረድኩ። እሱም በየቀኑ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ማዘር ሙች፣ ፈተና ላይ ከወረዱ ይጥልዎታል። እዚያ ያለው ፈታኝ ለእናቱም አይራራም። ተፈታኝ ሳይጨርስ ከመኪና አይወርድም።»

«ሕጉ ላይ ተጽፏል?»

«ሕጉ ላይ ሳይሆን... አሠራር ነው።»

የመማሪያ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሕፃናት ስም ዝርዝር ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ መስመር አልዘልም። ገጽ ሠላሳ አንድን አነበብኩለት፦ «አሽከርካሪው ወደ ኋላ ከማሽከርከሩ በፊት ከተሽከርካሪው በስተኋላ ሰው አለመኖሩን ያረጋግጣል።»

«በምን ያረጋግጣል ይላል?» አልኩት።

ገለበጠው፣ ገጽ ሠላሳ ሁለትንም አየ። «አይልም።»

«እኔ በእግሬ አረጋግጣለሁ።»

ጋሼ ሲሰሙ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ልጄ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ የሄድኩት ባንቺ ዓይን ነው። አሁን ላንቺ ቆርቆሮ የሚመታልሽ ማን ነው? ውረጂ።»

ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ግን ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ለመነኝ።

«አንድ ቀን ብቻ አትውረጂ። ፈቃዱን ያዢና ከዚያ እንደፈለግሽ ሁኚ። ሥራሽ ነው እኮ። በማይረባ ነገር ሥራሽን ልታጪ ነው?»

«አንድ ቀን ብቻ የተባለ ነገር ዘጠኝ ዓመት ሲቆም አይቻለሁ» አልኩት።

ተነስቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ ባትሪዋን በእጅ ባትሪ ያያል። ትንሽ ከበደኝ። ግን ከቃሌ አልተመለስኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሆነን ሄድን። አማቴ ጃንጥላቸውን ይዘዋል። ባለቤቴ ጃኬቱን አስተኩሷል፤ የመኪናዋን ቁልፍ እንደ ልማዱ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ግቢው ውስጥ ከጥላው ሥር ረጅም የቆርቆሮ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተፈታኙም ሸኚውም እዚያ ይደረደራል። ከጸሐፊዋ መስኮት ፊት ተሰልፌ ቁጥሬን ተቀበልኩ፦ አሥራ ሰባት። ባለቤቴ ከኋላዬ «አንድ ነገር ልጠይቃቸው» ብሎ መስኮቱ ጋ ቀረ። ሲመለስ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ፈታኙ ፊቱን ከወረቀቱ ላይ የማያነሳ ሰው ነው። ተፈታኞችን በእግራቸው ነው የሚያውቃቸው፤ ያያቸው እንደሆነ እስከ ጉልበት ነው።

ዳገቱን ወጣሁ። ስምንት ቁጥሩን ዞርኩ። ከዚያ ኮኖቹ ፊት ደረስኩ፤ በእነሱ መካከል ወደ ኋላ መግባት ነው የቀረኝ። በዚህ ከወደቅኩ እንደገና መፈተን የምችለው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ በሰርቪሱ በር ላይ የማላውቃት ሴት ትቆማለች፤ ስማቸውን እንኳ ሳታውቅ ልጆቼን ትቆጥራለች። እጄ የማርሹ ዘንግ ላይ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ አለኝ ውስጤ፤ ድምፁ የካፒቴን ነበር።

የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ። ቀበቶዬን ፈታሁ። ወረድኩ።

አሠልጣኙ ከአጥሩ ማዶ ማስቲካውን ዋጠው።

«ተፈታኝ አሥራ ሰባት!» ፈታኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አነሳ። «ማን ውረጂ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ከኋላ ሰው አለመኖሩን እያረጋገጥኩ ነው። ገጽ ሠላሳ አንድ።»

«በመስታወት ማየት ይበቃል።»

«ለኮን ይበቃል።»

ጎንበስ ብዬ ከጎማዎቹ ሥር አየሁ፣ ቀና ብዬ ግራና ቀኙን አየሁ። ማንም አልነበረም። ይህን በኩራት ነው የምናገረው፤ አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩት ማንም እንዳይኖር ነው። ተመልሼ ገባሁ፣ ቀበቶዬን አሠርኩ፣ ጠማማዋን ኮን ሳላምን ወደ ኋላ ሄድኩና መኪናውን በመካከላቸው ልክ እንደ ትሪ አስቀመጥኩት።

ፈታኙ ወረቀቱን አገላበጠ። ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶው ፈለገ።

«ለመውረድ የሚቀነስ ነጥብ እዚህ የለም» አለ፤ የቅሬታ ድምፅ ነበረው።

«እንግዲያው አይቀንሱ።»

ሰዓቱን አየ። ጊዜዬ ገና አላለቀም ነበር። ጻፈ፤ ብዙ ጻፈ።

«አልፈሻል። በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው።»

አግዳሚው ጋ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አማቴ ጃንጥላቸውን ወደ ላይ አንስተው ለተሰለፈው ሁሉ «ማን አስተማራትና! የኔ ልጅ ነዋ! ካፒቴን!» ይላሉ። ባለቤቴ ከአንድ የማያውቀው ሰውዬ ጋር ቆሞ ቁልፉን እያሽከረከረ ያስረዳል፦ «መሠረቱን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። መሠረት ካለ ሌላው ዝርዝር ነው።» ሰውዬው «ይታያል፣ ይታያል» ይላል። ባለቤቴ እኔን ሲያየኝ ንግግሩን አሳጠረ።

«ወረድሽ» አለኝ በለሆሳስ።

«ወረድኩ።»

«እና አሳለፈሽ።»

«አሳለፈኝ።»

ቁልፉ ጣቱ ላይ መዞሩን አቆመ።

ያኔ ከመስኮቱ የጸሐፊዋ ድምፅ መጣ፤ «ተፈታኝ አሥራ ስምንት!»

ማንም አልተነሳም።

«አሥራ ስምንት! አምስተኛ ሙከራ! የለም እንዴ ዛሬ?»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አምስተኛ ሙከራ ማን እንደሆነ ለማየት የማይፈልግ የለም። ባለቤቴ እጁን ኪሱ ከተተና የታጠፈች ወረቀት አወጣ። ያ ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ። አማቴ የጃንጥላቸውን እጀታ እንደ አዲስ ነገር ይመረምሩት ጀመር።

«ይህን ያዥልኝ» አለኝ።

የመኪናዋ ቁልፍ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በጣት ታሽቶ ጥርሱ ሁሉ ያብረቀርቃል። ተቀበልኩት።

«ሦስተኛዋን ኮን እንዳታምናት» አልኩት።

ሄደ። አስተኩሶት የመጣው ጃኬት ከኋላ ሲታይ ጠቦታል። ገባ፣ ቀበቶውን አሠረ፣ ሞተሩ አንዴ ጠፋበት፣ እንደገና አስነሳ። መኪናውን እያንገራገጨ ዳገቱን ወጣ። ስምንት ቁጥሩን ዞረ። ከኮኖቹ ፊት ደርሶ ቆመ። ቆሞ ቆየ። ፈታኙ ሰዓቱን አየ።

በሩ ተከፈተ።

ካፒቴን ወረደ። በመኪናው ጎን ዞሮ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ሰብሰብ አድርጎ ጎንበስ አለና ከጎማዎቹ ሥር አየ። ፈታኙ አፉን ከፈተ፤ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ መልሶ ዘጋው።

«ምን ጠፍቶበት ነው?» አሉ አማቴ፣ ቀስ ብለው።

ባለቤቴ ተመልሶ ገባ። በሩን ዘጋ። መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም።

ቁልፉን በግራ እጄ ያዝኩና፣ በቀኝ መዳፌ የአግዳሚውን ቆርቆሮ አንድ ጊዜ መታሁ።