የሚሸጥ ጉድጓድ

«ጉድጓድ! ጉድጓድ! ሰፊ ጉድጓድ፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት፣ ክዳን የማያስቸግረው! ቤተሰብ በሙሉ የሚያስገባ!»

ጥሩምባ ይህን የምትለው በአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት፣ ደንበኛ ልብስ በሚለካባት ጠባብ ጓዳ ውስጥ፣ በተንጠለጠሉ ካፖርቶች መሃል ተወሽቃ ነው። ካፖርት ማሚቶ ይውጣል፤ በሰፈሩ ከዚህ የተሻለ ስቱዲዮ የለም። ከመጋረጃው ውጭ፣ ጽሑፉን የጻፈው ጓደኛዋ ሳቁን በመዳፉ አፍኖ ተቀምጧል። ድምፅ የሚያቀናብረው ሌላው ጓደኛዋ፣ ኪሱ ከሽቦ ስለማይለይ «ሽቦው» የሚሉት፣ ላፕቶፑን በጨርቅ ጥቅል ላይ አስደግፎ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ!» እያለ እጁን ያወናጭፋል።

«በገዛ ቤቴ መኪናዬን አቁሜ ቁጭ ልበል?» አለች አክስትየዋ፣ የስፌት መኪናዋን በክርኗ ተደግፋ።

«እትዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ!» አለ ሽቦው።

«የእናንተ ደቂቃ ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ደረሰ።»

«ጥሩምባ» የሚለውን ስም ያወጡላት የገበያው ነጋዴዎች ናቸው። በየጋሪው ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ቅጂ የእሷ ነው፤ የጫማውም፣ የብርድ ልብሱም፣ የአይጥ መርዙም። ጉድጓዱ ደግሞ ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል። ተማሪዎች በላዩ ዘለው ወደ ግቢው ይገባሉ፣ ዘለው ይወጣሉ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ሞልቶት ደህና መንገድ መስሎ ሳለ አክስትየዋ ገባችበት። የተሰበረ እግሯ ቢጠገንም እንደ ድሮው አልሆነላትም። ከቀበሌ እስከ ማዘጋጃ ቤት ሰፈሩ አቤት ያላለበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ ጸሐፊው ጓደኛዋ፣ «የሚደፍነው ከጠፋ ለምን አንሸጠውም?» አለ። ሦስቱ ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።

ችግሩ አንድ ነበር። ጥሩምባ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤት ቀጠሮ አላት። በየአውቶቡስ ፌርማታው ለሚነገረው ማስታወቂያ ድምፅ ሲያወዳድሩ እሷን መርጠዋል፤ የቀረው መፈረም ነው። ቋሚ ሥራ! ከአይጥ መርዝ ወደ «ክቡራን ተሳፋሪዎች»!

«በገዛ እጅሽ ጉሮሮሽን እንዳታንቂ» አለቻት አክስቷ።

«አይዞዎት እትዬ፣ የወለደቻት እናቷ ብትሰማ እንኳ አታውቃትም።» ሽቦው አንድ ቁልፍ ተጫነ። የጥሩምባ ድምፅ ከላፕቶፑ የዳክዬ ሆኖ ወጣ። አክስትየዋ ሳትቀር አራቱም በሳቅ ፈረሱ።

የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ሲለቀቁ፣ ምክራቸውን የሚያውቀው የገበያው ጫማ ሻጭ ጋሪውን አምጥቶ ከጉድጓዱ አጠገብ አቆመ። ቅጂውን አስገባና ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው።

«ጉድጓድ! ጉድጓድ!» አለች ዳክዬዋ።

መጀመሪያ አንዲት ተማሪ ቆመች፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ መንገዱ ሞላ።

«ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ አንድ ባለታክሲ።

«አንተማ ባለፈው ሳምንት ጎማህን ቀብድ አስይዘህበታል!» አለው ጫማ ሻጩ።

«ካርታ አለው?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ወደ ጉድጓዱ ቀስረው።

«ካርታም ባለቤትም የለውም አባባ! ጠይቀን ጠይቀን የእኔ ነው ያለ ጠፋ!»

ስልኮች ወደ ላይ ተነሱ። ጥሩምባ ከስፌት ቤቱ ደጃፍ ሆና የጸሐፊውን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። ሕዝቡ ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ግን ዝቅ ብሎ ጉድጓዱን ያያል። በየቀኑ የሚያልፉበት ሰዎች ገና ዛሬ ያዩት ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ዳክዬዋ ማስታወቂያውን ቋጨች፦

«ዛሬ ይግዙ! ነገ ቢመጡ የሚያገኙት ካርቶኑን ነው!»

ጥሩምባ ክው አለች። ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ለጫማው ቅጂ ራሷ የፈጠረችው፣ ማንኛውንም ማስታወቂያ የምትዘጋበት፣ የገበያ ሕፃን ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አባባል ነው። ጠዋት ሲቀርጹ ከአፏ ሲያመልጥ፣ ጆሯቸው ለምዶት አንዳቸውም አላስተዋሉትም።

«ጥሩምባ ናት!» ብላ ጮኸች ሹሩባ የተሠራች ተማሪ። «የካርቶኗ ጥሩምባ ናት!»

ሽቦው ራሱን ይዞ፣ «ድምፅሽን ቀየርኩት፤ አመልሽን ማን ይቀይረው?» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጠራ። ለሥራው የመረጣት የማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበር።

«ልጄ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽሽም። አለቆቼ ግን አልሳቁም። አንቺ ነሽ የሚል ወሬ አለ።»

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ‹እኔ አይደለሁም፣ አስመስለውኝ ነው› ካልሽ ይበቃኛል፤ ዘጠኝ ሰዓት መጥተሽ ትፈርሚያለሽ። ጉድጓዱም ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የምር እንዳሰበላት ድምፁ ያስታውቃል። ጸሐፊው ጓደኛዋም ጠጋ ብሎ፣ «አይደለሁም በይ! እኔ ልጠየቅበት» ብሎ አንሾካሾከ።

ያን ጊዜ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። አክስትየዋ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ እያነከሰች ከስፌት ቤቱ ወጣች። ጥሩምባ ቁጣ ጠበቀች። አክስትየዋ ግን አጠገቧ አልቆመችም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደህና እግሯን አጥፋ ተንበረከከች፣ ሜትሯን ቁልቁል ለቀቀች። አንድ ሜትር ተኩሉ አለቀ። ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች።

«አልነካም!» አለች ቀና ብላ። «ሁለት ሜትር ብላችሁ የለ? ሜትሬም ክንዴም አልቆ ታችኛውን አልነካም። ገዢ አይታለል! እኔ ገብቼ አውቀዋለሁ!»

መንገዱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። አክስትየዋ ግን አልሳቀችም። ሜትሯን እየጠቀለለች ጥሩምባን ትክ ብላ አየቻት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አስተካክዪው እንጂ።»

«ሄሎ? ልጄ፣ አለሽ?» አለ ስልኩ።

«አለሁ ጋሼ። እንዳይዘጉት።»

ለጫማ ሻጩ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ዳክዬዋ ዝም አለች። ወደ ጋሪው ተሻግራ ስልኩን እንደተከፈተ አክስቷን አስያዘቻት፣ የጋሪውን ማይክሮፎን አነሳች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ማረሚያ!» አለች፣ ገበያው ሁሉ በሚያውቀው በገዛ ድምፅዋ። «የጉድጓዱን ጥልቀት በተመለከተ፣ ማረሚያ!»