የታጠበ ፌስታል

አራጁ ምሳው የላሟን ጨጓራ ወደ ዳር ጎትቶ ቀደደው። እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ፈርሱን በእፍኝ በእፍኝ ሲያወጣ ቆየና ድንገት ቆመ።

«ምን አገኘህ? ወርቅ?» አሉት ሽማግሌው አባ ጓንጉል።

«ወርቅስ አይደለም አባ። እንደ ኳስ ያለ ነገር ነው። አልወጣም አለኝ።»

እግሩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ሳበው። ጥቁር፣ ሰማያዊና ቢጫ ፌስታል እርስ በርሱ ተገምዶ፣ ፈርስ እያንጠባጠበ፣ እየተግተለተለ ወጣ። ሥጋውን በዕጣ ተካፍሎ ሆድ ዕቃውን የሚጠብቀው ሰው አፍንጫውን ይዞ አንድ እርምጃ ሸሸ።

እታገኝ ብቻ አልሸሸችም። ላሟ ከማክሰኞ ጀምሮ ማመስኳት ትታ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጉልበቷ ሲከዳት ምሳው ሳትሞት ደርሶ ባረካት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለእታገኝ የቀረቻት ከብት ይህች ብቻ ናት። በዚህ አገር የሰው ላም ገደል ብትገባ ወይም ብትታመም ጎረቤት ሥጋዋን መደብ መደብ አድርጎ ይወስዳል፤ ባለቤቷም በቅርጫው ገንዘብ ጊደር ትተካለች። ሥጋው አማረም አላማረም እምቢ የሚል የለም። ለዚህ ነው አሥራ ሁለት አባወራ ሥራውን ጥሎ በጠዋት ከደጇ የተሰበሰበው።

ጎንበስ ብላ ከተገመደው መሐል አንድ ነገር በሁለት ጣቷ መዘዘች። ፌስታሎች ተጠቅልለው በአረንጓዴ የናይለን ቁራጭ ታስረዋል። ቋጠሮው አልተፈታም።

«ይኼ የኔ ነው» አለች።

«ፌስታሉ ነው ላሟ?» አለ ምሳው ሊያስቅ። የሳቀለት የለም።

«ሻሼን ቀድጄ ያሰርኩት ነው። በመጋቢት ያስረከብኩት።»

ከአምና ጀምሮ የዚህ መንደር ሰው ፌስታል አይዝም፤ ሰቆጣ ገበያ የሚወጣው ዘንቢል አንጠልጥሎ ነው። አንድ ፕሮጀክት፣ አካባቢያችሁን ከፕላስቲክ ካጸዳችሁ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ እንተክልላችኋለን ብሎ ነበር። ሴቶቹ ከየአጥሩና ከየማሳው የለቀሙትን ፌስታል፣ ከቆላው ምንጭ የሁለት ሰዓት መንገድ ተሸክመው ባመጡት ውሃ ያጥቡታል። ቆሻሻ ከሆነ ፋብሪካው አይቀበልም ተብለዋል። ሲደርቅ አሥር አሥሩን አስረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤቱ ደጃፍ ያስረክባሉ። የማን እንደሆነ እንዳያከራክር እያንዳንዷ የራሷ ማሰሪያ አላት። የእታገኝ አረንጓዴ ሻሽ ነው፣ የጎረቤቷ የለተሥላሴ ቀይ ክር። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ጆንያው ሁሉ ኢሱዙ ላይ ተጭኖ ሄደ። መኪናው ሲነሣ በእልልታ ነበር የሸኙት። እታገኝ ከዚያ በኋላ ስትፈጭም ስትለቅምም ያ የታጠበ ፌስታል ሩቅ አገር ወንበር ሆኖ፣ የማታውቀው ሰው ሲቀመጥበት በሐሳቧ ይታያት ነበር።

አሁን እጇ ላይ ነው። ቀና ብላ ደግሰውን አየችው።

ደግሰው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ኢሱዙውን የጠራ እሱ፣ አብሮ ተሳፍሮ የሄደም እሱ። የእታገኝን ልጅ ክርስትና ያነሣም እሱ ነው። የደረሰውን መደብ የሚሸፍንበት ቅጠል እየቆረጠ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«አበልጄ» አለችው፣ «ፋብሪካው ላሜ ሆድ ውስጥ ነው እንዴ?»

«ቆይ፣ ከሰው ፊት...»

«ከሰው ፊት ነው ያስረከብኩህ።»

ደግሰው ቅጠሉን ጣለ። ወደ ምሳው አየ፣ ወደ አባ ጓንጉልም አየ። የረዳው የለም።

«ሰቆጣ ሳንደርስ ከፋብሪካው ስልክ ተደወለ» አለ። «የምንቀበለው ሃይላንድ ብቻ ነው፣ ጠርሙሱን፤ ፌስታል አንፈልግም አሉኝ። ምን ላድርግ? እናንተ እልል ብላችሁ ሸኝታችሁኛል። ከቆላ በተሸከማችሁት ውሃ አጥባችሁ... ይዤው ልመለስ? በየት ፊቴ?»

«የት ደፋኸው?»

«ቦረቦሩ ውስጥ። ከተከለለው ተራራ ሥር። አፈር አልብሼው ነበር።»

«ነገ የምንፈርመው ወረቀትስ? ፋብሪካው ተረክቧል የሚለው?»

ደግሰው ቀና ሳይል እጁን በሱሪው ጠረገ።

የተከለለው ተራራ ለአራት ዓመት ከብት ያልገባበት ነበር። በሚያዝያ ጭዱ ሲያልቅ መንደሩ ተሰብስቦ ለሚታለቡ ላሞች እጅ አውጥቶ ፈቀደ። ለተሥላሴ ያን ቀን ትዝ አላትና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ስንፈቅድ እኮ ነበርክ» አለችው። «እጅህን አውጥተሃል!»

«ሁሉም አወጣ...»

ከበሩ አጠገብ የጭቃ መደብ ላይ የተቀመጡት የእታገኝ አማት እማሆይ ወለተ ሐና እስካሁን ድምፅ አላሰሙም። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ነገር ግን የመንደሩን ከብት በቃጭሉ አንድ በአንድ ይለያሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ደግሰው» አሉ። «የአንተ ላም ወደ ተከለለው ግጦሽ ስንት ቀን ወረደች?»

ደግሰው የጣለውን ቅጠል ከመሬት አነሣ።

«እኔ ልንገርህ። አንድም ቀን። ሁልጊዜ ጠዋት የሰዉ ላም በዚህ ሲያልፍ እሰማለሁ። የአንተዋ ቃጭል ከበረቷ ወጥቶ አያውቅም። አዝኜልህ ነበር፣ ላሙ ታማበት ይሆናል ብዬ።»

እታገኝ እስከዚያ ድረስ የተናደደች መስሏት ነበር። አሁን ግን ንዴት ሳይሆን ብርድ ተሰማት። የግንቦት ፀሐይ ጀርባዋን እያቃጠላት ብርድ ተሰማት። ይህ ሰው ባለፈው ሳምንት ከዚህች ላም ወተት ጠጥቶ፣ «እንዴት ያለ ወተት ነው፣ ግጦሹ ተስማምቷታል» ብሎ ወጥቷል።

«ነገ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ነገ የፕሮጀክቱ ሰዎች ፓምፑን ሊከፍቱ ይመጣሉ። ስምንቱ የፀሐይ መስታወቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ኮረብታው ላይ ከቆሙ ወር ሆኗቸዋል፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ኩሬ ይመስላሉ። ውሃው የሚለቀቀው ፋብሪካው ፕላስቲኩን መረከቡን የሚገልጸው ሰነድ ሲፈረም ነው። ከፈራሚዎቹ አንዷ የሴቶች ተወካይ እታገኝ ናት።

ደግሰው ይህን ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ። ሲያፍር የነበረው ደግሰው ሄዶ ስብሰባ የሚመራው ደግሰው መጣ።

«እሺ ንገሪያቸው። መስታወቱን ነቅለው ይሂዱ። ከዚያ አንቺ ነሽ ለነዚህ ሴቶች ከቆላ ውሃ የምትቀጂላቸው?»

ሰዉ ተንጫጫ። ከዚያ ነገሩ ሲከብድ እንደሚሆነው ሽማግሌዎቹ ወደ አገራቸው ቋንቋ ወደ ኽምጣንጋ ዞሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እርስ በርሳቸው ተመካከሩ። እታገኝ ቋንቋውን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። እያንዳንዱን ቃል እየሰማች እንዳልሰማች ቆመች። በመጨረሻ አባ ጓንጉል በአማርኛ ተናገሯት፤ ይህም አሳዘናት፣ እንግዳ ያደረጓት መሰላት።

«ልጄ፣ እውነቱ የአንቺ ነው። ግን ነገን እለፊልን። ፈርሚ፣ ውሃው ይምጣ። ከዚያ ይህን ሰው እኛ እንዳኘዋለን። ላምሽን እናስክሰዋለን።»

«ቦረቦሩስ አባ? ነገም ከብት ይገባበታል።»

«እናጥረዋለን።»

«በመጋቢትም ፋብሪካ ሄዷል ተብያለሁ።»

«አሁን የምልሽ እኔ ነኝ!»

«እርስዎን አከብራለሁ አባ። በውሸት ላይ ስሜን አልጽፍም።»

ደግሰው ሳቀ፤ አፉ እንጂ ዓይኑ አልሳቀም።

«እንግዲህ መንደሩን ላልረዳች መንደሩም አይረዳም» አለና ዕጣ የደረሰውን መደብ ከነቅጠሉ አንሥቶ መልሶ ሥጋው ተደልድሎበት የነበረው አጎዛ ላይ ጣለው። «ቅርጫዬን መልሻለሁ።»

ቅርጫ መመለስ እታገኝ ሰምታው አታውቅም። ሌላውም ሰው ሰምቶት የሚያውቅ አይመስልም። ከዚያ ከኋላ የቆመ አንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መጣና መደቡን አስቀመጠ። ሌላው ተከተለ። አንዱ «ሚስቴ ሁለት ነፍስ ናት፣ እንስራ ከብዷታል» አለ። አባ ጓንጉል የእሳቸውን ራሳቸው አልመለሱም፤ የወንድማቸው ልጅ መለሰላቸው፣ እሳቸው ወደ ኮረብታው ዞረው ቆመው ነበር።

ምሳው ቢላውን በቅጠል ጠርጎ ወደ አፎቱ ከተተ።

«አንተም?» አለችው።

«እኔ ምን ላድርግ እታለም? ነገ አብሬያቸው ነው የምኖረው።»

«ከእኔስ ጋር አትኖርም?»

ጆሮውን አከከና ሄደ።

ለተሥላሴ የቀረች የመጨረሻዋ ሰው ናት። ከእታገኝ ጋር በአንድ ገበታ ፌስታል ያጠበች፣ ጣታቸው በብርድ ሲደነዝዝ አብራት ስትስቅ የዋለች ናት። ሥጋውን በነጠላዋ ጫፍ አቅፋ ቆማለች።

«እፈርማለሁ በይ» አለቻት ቀስ ብላ። «አንዲት ቃል ብቻ። ሮጬ ሁሉንም እጠራልሻለሁ፤ ሥጋው ሳይሸት ይመለሳሉ። ቀኑ እኮ እየሞቀ ነው። ሥጋሽም ይበላሻል፣ ጊደርም አይኖርሽ። ለማን ብለሽ ነው?»

«የአንቺ ላም ዛሬ የት ናት?»

ለተሥላሴ ወደ ተራራው ዞር አለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሮጠሽ እሷን ጥሪ» አለቻት እታገኝ።

ለተሥላሴ የያዘችውን ሥጋ ከሌላው አጠገብ በጥንቃቄ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ አድርጋ አስቀመጠችውና ቁልቁል ሮጠች። ዞራ አላየችም።

ግቢው ጭር አለ። አሥራ ሁለቱ መደብ አጎዛው ላይ ተደርድሮ ዝንብ ይከበው ጀመር።

«ማን ቀረ?» አሉ ወለተ ሐና።

«ማንም።»

«ሥጋውስ?»

«ሁሉም አለ እማዬ።»

አሮጊቷ፣ «ልጄ፣ እኔን ብለሽ እንዳይሆን። እኔ የቆላውንም ውሃ ጠጥቼ እዚህ ደርሻለሁ፤ የኮረብታውንም ብጠጣ አልጠላ። ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም» አሉ። ከዚያ ጨመሩ፦ «ብቻ የምታደርጊውን ቶሎ አድርጊው። ፀሐዩ አይጠብቅም።»

እታገኝ ወደ በረቱ ገባች። የላሟን ገመድ ከችካሉ ፈታች። አንዱን ጫፍ ከበሩ መቃን፣ ሌላውን ከወይራው ግንድ አስራ ወጠረችው፤ በክንዷ ተንጠልጥላ ጥንካሬውን ሞከረችው። ከጓዳ የሽንኩርት ቢላዋን አምጥታ የበሩ ደፍ ድንጋይ ላይ ሳለችው። አጎዛው አጠገብ ተንበረከከችና ደግሰው የመለሰውን መደብ ከሁሉ አስቀድማ አነሣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ወለተ ሐና።

«ቋንጣ እየዘለዘልኩ ነው» አለች፤ የመጀመሪያውን ረጅም ዝልዝል ገመዱ ላይ ሰቀለች።