የሚያስተኛት ሰው

ጀዋርን ያሳሳተው የእህቱ ሕመም ጠዋት ለቀቅ ማድረጉ ነው። ሰሞኑን ሆዷን ይዛ ስትንከባለል የከረመችው እህቱ ለሊሴ፣ ባሕር ተሻግረው ከገቡባት የዐረብ ከተማ ዳር፣ «ዓለም» በሚባለው ሰፈር ባለችው የጋራ ክፍላቸው ውስጥ ቀና ብላ ተቀመጠችና «ጀዋር፣ ራበኝ» አለችው። ራበኝ የሚል በሽተኛ የማያስደስተው ማን ነው? ሮጦ ወጥቶ ትኩስ ፉልና ዳቦ ይዞላት መጣ። በእጁ አጎረሳት። በወተት የፈላ ሻይም አስከተለላት። እሷ በበላች ቁጥር እሱ የዳነች መሰለው።

ሕመሙ ሲመለስ ግን እንደ አካሄዱ አልነበረም። ተሸክሟት ታክሲ ውስጥ ሲያስገባት ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር። የመጀመሪያው ክሊኒክ «የመኖሪያ ወረቀት የላችሁም» ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛው፣ ማዓላ በሚባለው ሰፈር ዋና መንገድ ላይ ካለ ፎቅ ቤት ውስጥ ያለው፣ ተቀበላቸው።

ሐኪሙ ዶክተር ሀይሰም ሆዷን ጫን አድርጎ ድንገት ሲለቀው ለሊሴ ጮኸች። «ትርፍ አንጀት» አለ በዐረብኛ። «ሳይፈነዳ አሁኑኑ እንከፍታታለን።»

ነርሱ ዋኤል ከአልጋዋ አጠገብ ቆሞ በጥድፊያ ጠየቀ፤ ወደብ ላይ ዕቃ በማውረድ ዐረብኛ የለመደው ጀዋር መለሰ። ስኳር አለባት? ላ፣ የለባትም። አስም? ላ። እርጉዝ ናት? ላ። ዛሬ ምግብ ቀምሳለች?

«ላ።»

መልሱ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው። ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት ደላላው ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ደርድሮ ያስተማራቸው ይህንኑ ነበር። «የደንብ ልብስ የለበሰም ሆነ ነጭ ጋዋን የለበሰ ከጠየቃችሁ፣ መልሱ ላ ነው። ታመሃል? ላ። ደክሞሃል? ላ። አዎ ያለ እዚያው ይቀራል።» አዎ ብሎ የቀረ ሰውም በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ነጭ ልብስ ባየ ቁጥር የጀዋር ምላስ ከሐሳቡ ይቀድማል።

ዶክተሩና ነርሱ በሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማ።

«ማርዋ የት ደረሰች? ማደንዘዣውን ማን ይሰጣል?»

«ኾርመክሰር ካለው ሆስፒታል ናት ዶክተር። እዚያ ያስተኛቻት ሴት ገና አልነቃችም።»

«እሷን ከጠበቅን ይፈነዳል። መርፌውን አንተ ትሰጣታለህ፤ እኔ ቶሎ እጨርሳለሁ።»

ዋኤል አንገቱን አሻሸ። «ወላሂ፣ መርፌውንስ ሰጥቼ አውቃለሁ። ቱቦ ወደ ጉሮሮዋ ማስገባት ቢያስፈልግስ? እሱ የማርዋ ሥራ ነው።»

«ለምን ያስፈልጋል? ሆዷ ባዶ ነው፤ ወንድሟ ነገረህ አይደል?»

የጀዋርን መዳፍ አላበው። ወንድሟ ነገረህ። ዋኤል ተመልሶ የለሊሴን ክንድ በላስቲክ ሲያስር ጠጋ አለው።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ምግብ የበላ ሰው ቢሆን ኖሮስ?»

«ሰመመን ውስጥ የገባ ሰው አይስልም፣ አይውጥም። ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ይመጣና ሳንባው ውስጥ ይገባል።»

«ከዚያስ?»

ዋኤል ላስቲኩን አጠበቀ። «ምን አስጠየቀህ፣ ያ ሐበሺ?»

«እንዲሁ ነው።»

ቢናገር ይህኛውም በር ይዘጋባቸዋል። በሩ ከተዘጋ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ያለው ይፈነዳል። ዝም ቢል፣ ጠዋት በእጁ ያጎረሳት... ሐሳቡን መጨረስ አልቻለም።

«ምን አሉህ?» አለችው ለሊሴ፣ ከንፈሯ ደርቆ።

«ያስተኙሻል።»

«ካንተ ማንኮራፋት ጋር የተኛሁ ሰው የትም እተኛለሁ» አለችና ልትስቅ ስትል ሕመሙ ፊቷን አጨማደደው።

ዋኤል መርፌውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየሩን ሲያስወጣ፣ ጀዋር እጁን ያዘው።

«በልታለች።»

«ምን?»

«ጠዋት በልታለች። ፉል። ዳቦ። በወተት የፈላ ሻይም። እኔ ነኝ ያበላኋት።»

ዶክተር ሀይሰም ጓንት ባጠለቁ እጆቹ ከውስጥ መጣ። ወደ ጀዋር ዞረ። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ በአፍህ ልትገድላት ነበር እኮ! እሷ ሞታ እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ልሸከማት!» ጀዋር «ውጡ» የሚለውን ቃል ጠበቀ። ዶክተሩ ግን ጓንቱን አውልቆ ጣለና ለዋኤል «ደውልላት» አለ። «ሆዷ ሙሉ ነው በላት። ያለ እሷ አልጀምርም።»

መጠበቁ ከሁሉም ከፋ። መብራት ሄዶ መጣ። ለሊሴ ማቃሰት ስታቆም ጀዋር ደነገጠ፤ ማቃሰት ስትጀምር ደግሞ እንደገና ደነገጠ። ዶክተሩ በየመሐሉ እየመጣ ሆዷን ይነካና ሰዓቱን አይቶ ይመለሳል። ጀዋር የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሶ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ማርዋ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። በመንገዷ ላይ ባለው ድልድይ ጠባቂዎች መኪናዎችን አስቁመው አዘግይተዋት ነበር። አባያዋ አቧራ ለብሷል፤ ጥቁር ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። የጀዋርን ፊት አየችና በአማርኛ ጀመረች።

«በእናቴ የድሬ ልጅ ነኝ። አንተ ከየት ነህ?»

«ከጨለንቆ።»

«ጎረቤቴ ነሃ! እንግዲህ እንደ ጎረቤት ንገረኝ። እኔ ኬላ አይደለሁም፤ አልመልስህም። የምትደብቀኝ ነገር ግን እጄን ያስረዋል። ትንፋሽ ያጥራታል?»

ጀዋር ወደ እህቱ አየ። ለሊሴ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ንገራት ማለቷ ነበር።

«ጀልባው ላይ፣ ነፋሱ ሲበረታ... ደረቷ ያፏጭ ነበር። አገር ቤትም ክረምት ላይ ያማታል።»

«አልሐምዱሊላህ። ይኸን ነው የምፈልገው።» ጆሮዋን የለሊሴ ደረት ላይ ልትለጥፍ የደረሰች ያህል ጎንበስ ብላ አዳመጠቻት። ከዚያ ሳትቸኩል ዕቃዎቿን አንድ በአንድ ፈተሸች። የኦክስጅኑን ሲሊንደር አንኳኳች። መምጠጫ ማሽኑን ውሃ አስመጠጠችው። «ጄኔሬተሩ ይነሣ፤ መብራቱን አላምነውም» አለች። ዶክተር ሀይሰም «ማርዋ፣ በአላህ!» ሲል «አንተ ቢላህን ጠብቅ፣ እኔ ትንፋሿን» አለችው። ከዚያ የዋኤልን ጣቶች ይዛ የለሊሴ ጉሮሮ ላይ አኖረቻቸው። «ምግቡ ወደ ላይ እንዳይመጣ እዚህ ትጫናለህ። ልቀቅ እስክልህ ድረስ ጣሪያው ቢወድቅ አትለቅም።»

በሩ ተዘጋ።

ጀዋር ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የመምጠጫው ድምፅ ውሃ እንደሚጎትት ቧንቧ አንጎራጎረ፤ ማርዋ ባጭሩ ስትጮህ ሰማ፤ ከዚያ የማሽን ድምፅ ብቻ ቀረ። ጭንቅላቱን ጉልበቶቹ መሐል ቀበረ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማው ሳል ነው። የእህቱን ሳል ያውቀዋል። ትንፋሿ ከባድ ነበር፤ ማርዋ አጠገቧ ቆማ አገጭዋን ወደ ላይ ይዛለች።

«ፉሉ መጥቶ ነበር» አለችው ሳታየው። «ተዘጋጅተን ጠበቅነው።»

የማርዋ ስልክ ጮኸ። ዋኤል አንሥቶ አዳመጠና መናገሪያውን በመዳፉ ሸፈነ። «ሼኽ ዑስማን ሰፈር ካለው ክሊኒክ ነው። ልትወልድ የመጣች ሴት አለች፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ካልመጣሽ እኛው እናስተኛታለን ይላሉ።»

«እንዳይነኳት በላቸው። መጣሁ በላቸው።»

አለች፤ ለሊሴ ሳትነቃ ግን አልሄደችም። «እህቴ፣ ስምሽ ማን ነው?» አለቻት፤ ከለሊሴ የወጣው ማጉረምረም እንጂ ቃል አልነበረም። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ጀዋር አትሂጂ ብሎ በልቡ ለመናት፤ በዚያው ቅጽበት ሼኽ ዑስማን ባለው ክሊኒክ ኮሪደር ላይ መዳፉ ያላበው ሌላ ሰው ታየው፤ ዓይኑን ከስልኩ አሸሸ።

«ስምሽ ማን ነው፣ ሐቢብቲ?»

«ለሊሴ» አለች እህቱ በሻከረ ድምፅ። «እባክሽ አታስጩኺኝ፣ ጉሮሮዬን ያመኛል።»

ማርዋ ዋኤልን አልጋው አጠገብ አቆመችና ዓይኑን ከለሊሴ ትንፋሽ እንዳያነሣ አስጠነቀቀችው። ስልኩ መጮኹን አቆመ። ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ጀዋርን አስፈራው። እህቱን ግንባሯ ላይ ሳማትና የማርዋን ጥቁር ቦርሳ ከወንበሩ ነጥቆ ደረጃውን ቀድሟት ወረደ። ማዓላ መንገድ መሐል ገብቶ፣ ክላክስ እያንባረቁበት፣ ማርዋን የሚያደርስ ባዶ ታክሲ ፍለጋ ሁለት እጆቹን አንሥቶ ቆመ።