ፀሐይ እንዳያያት

ድሬ ላይ ብርድ አለ ስላቸው የደጋ ዘመዶቼ በስልክ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሰፈሬ ከዚራ ነጠላ የሚያስደርብ አየር አላት፤ በዛፎቹ ሥር ስትሄዱ ገና ከእንቅልፋችሁ ያልነቃችሁ ይመስላችኋል። ጎመን የሚወደው ይህንን አየር ነው። የባቡር ሠራተኛው ባሌ ወልደጻድቅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካረፈ ወዲህ ባዶ ግቢ ሲያስጠላኝ ከቀፊራ ገበያ ችግኝ ገዝቼ በግንቡ ጥግ ተከልኩ። ግማሹ ጥቅል ጎመን፣ ግማሹ አበባ ጎመን።

ያ ግንብ ደረት ላይ የሚደርስ ነው፤ ከማዶው ጎረቤቴ ናሲሞ አለች። እሷ ሱማሌ፣ እኔ የሸዋ ሰው፤ አብረን አረጀን። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ፣ "የኔነሽ! አባዮ! እንዴት አደርሽ?" ትለኛለች። አባዮ እህቴ ማለቷ ነው። ወልደጻድቅ ከሞተ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ እማማ ነው የሚለኝ፤ እማማ ሲሉኝ ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያዋ አበባ ጎመን ራስ አወጣች። ቡጢ የምታክል፣ ወተት የመሰለች። ናሲሞ በግንቡ ላይ ተንጠራርታ፣ "ውይ ስታምር! በሕልሜ ያየኋት ነው የምትመስለው" አለች። ሁለታችንም ሥራችንን ረስተን ስናያት ቆየን።

በማግስቱ ጉድ መጣ። ችግኝ የሸጠችልኝ ሴትዮ አደራ ብላኛለች፤ ጥቅል ጎመን ራሷን በራሷ ትጠቀልላለች፣ አበባ ጎመን ግን ሸፋኝ ትፈልጋለች። ራስ ስታወጣ ቅጠሎቿን ሰብስበሽ ከላይ እሰሪላት፣ ፀሐይ ካያት ቢጫ ትሆናለች፣ ጣዕሟም ይበላሻል። እኔም የወጡትን ሁሉ በክር ሸብ ሸብ አደረግኳቸው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት የሚጠራኝ ጠፋ። ሳል ሳል ብል፣ ባልዲ ባንኳኳ፣ ከማዶ ዝም። በሸቅኩ! ሄጄ በሯን ደበደብኩት።

"ምን በደልኩሽ?"

"አየኋት፣ ሸፈንሽብኝ" አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

"ኧረ በማርያም! ፀሐይ እንዳያያት ነው እኮ!"

"እነሱም እንደዚያ ነበር የሚሉኝ።"

ክው አልኩ። ነግራኛለች እኮ! ናሲሞ ልጅ አልወለደችም። ድሮ በነበረችበት ሰፈር ዓይኗ ክፉ ነው ይሏት ነበር። አራስ ልትጠይቅ ስትገባ ሕፃኑን ይሸፍኑባታል፤ ለምን ስትል፣ "ፀሐይ እንዳይመታው ነው" ይሏታል። ቤት ውስጥ! ይህን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

ታዲያ ምን ልበላት? እውነቱ ራሱ ውሸት ሆኖብኛል፤ ብምል ብገዘትም እነዚያ ሰዎች የማሉትን ነው የምምለው። ንድድ ብዬ ተመለስኩ፤ በእሷ አይደለም፣ በእነዚያ ሰዎች፣ በፀሐዩም ጭምር። አጎንብሼ ክሩን ሁሉ ፈታሁት። ቢጫ ይሁኑ! ይበላሹ! ጎመን ከቀፊራ አይጠፋም፤ ናሲሞን ግን ከየት አመጣለሁ? እኔ ይህችን ሴት ልጣት አልፈልግም።

ፀሐዩም አልማረኝም። በማግስቱ ትንሿ ጎመን ጫፏ ላይ ቢጫ አለች። እያየሁ ተውኳት።

ቀትር ላይ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። እኔም በረንዳው ላይ ምንጣፌን ዘርግቼ ጋደም አልኩ። ዓይኔን ስከድን ነጫጮቹ ራሶች ከአፈሩ ቀስ ብለው ተነሥተው በግቢው ይንሳፈፉ ጀመር። ወልደጻድቅ በባቡር ኮፍያው ውሃ እየቀዳ ያጠጣቸዋል፤ ኮፍያው ደግሞ አያፈስም። ናሲሞ መሃላቸው ቆማለች። ጎንበስ ቀና ትላለች፤ አምባሯ ቅጭል ቅጭል ይላል። "ነይ ተቀመጪ" ልላት ስል አፌ እንቢ አለኝ።

ስነቃ ጥላው ዞሯል። ግቢው ባዶ ነው፣ የውጭው በር ግን ገርበብ ብሏል። ወደ ጎመኖቼ ሄድኩ። ሁሉም ታስረዋል። በእኔ ክር አይደለም፤ የናሲሞ ሻርፕ ጫፍ ላይ በሚንጠለጠለው ቀይ ክር ነው። ቋጠሮው ላላ ብሎ፣ አራስ እንደሚጠቀለለው በጥንቃቄ የተቋጠረ ነው።

"የኔነሽ!"

ከግንቡ ማዶ ቆማለች። የሻርፗ ጫፍ ተነጭቶ ተራቁቷል።

"አባዮ፣ አብደሻል እንዴ? ልጆችሽን ፀሐይ ላይ ጥለሽ ትተኛለሽ? ትንሿ እኮ ቢጫ ሆነች፣ ወላሂ!"

ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። እሷም ሻርፗን ወደ ዓይኗ ወሰደችው።

"ነይ ግቢ" አልኳት። "ነይና ትልቋን አንቺው ገልጠሽ እያት።"

መጣች። ተንበርክካ ቀዩን ክር ፈታች፣ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገች፣ ጠግባ አየቻት። "ማሻአላህ" አለች። ከዚያ ራሷ መልሳ ሸፈነቻት።