የመርዙ ጓሮ

የሻይ ብርጭቆዎቹ እንደ ሞሉ ሄደው እንደ ሞሉ ተመለሱ። የሟቹ ሚስት ትሪውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። አንዱ ብቻ ትንሽ ጎደል ብሏል፤ እሱም ቢሆን የፈሰሰ ነው።

ትናንትም እንዲሁ ነበር። ለቅሶ ደራሽ ይገባል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ይሞቀዋል፤ ወደ አፉ ግን አያደርሰውም። አንዷ ሆዷን ያማታል፣ ሌላው ስኳር ተከልክሏል፣ ሌላዋ አሁን ጠጥታ መምጣቷ ነው። የሰፈሩ በሽታ ሁሉ እዚህ ቤት ሲደርስ ይነሳል።

ምክንያቱ አልጠፋትም። የሳሎኑ መስኮት ጓሮውን ያሳያል፤ ጓሮው ደግሞ ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ባሰባሰባቸው መርዘኛ ተክሎች የተሞላ ነው፦ ጉሎ፣ አስተናግር፣ ኦሊያንደር የሚሉት አበባ፣ አጥሩ ጥግ ደግሞ ቁልቋል። ሰውየው በዩኒቨርሲቲው የአትክልት ቦታ መርዘኞቹን የሚንከባከብ፣ ለተማሪና ለጎብኚ ታሪካቸውን የሚያስረዳ ሠራተኛ ነበር። ሰፈርተኛው «መርዙ» የሚል ስም አወጣለት፤ እሱም ሲጠሩት ሳይከፋው «አቤት» ይል ነበር። ሲሞት ሐኪሙ «በልብ ሕመም ነው» ብሏል። ሰፈርተኛው ግን ሐኪሙን አልጠየቀም።

«ሻዩን ቀመስሽው?» ስትል ሰማች፣ ልብስ ሰፊዋን ጎረቤቷን።

«ምን በወጣኝ! ልጆች አሉኝ እኮ» አለች አጠገቧ ያለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሚስትየዋ የኩሽናውን በር ይዛ ቆመች። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ እሷ ግን ብቻዋን ነበረች። ከብቸኝነትም እንዲህ ያለው ይብሳል።

ለነገሩ ብቸኝነቱ ዛሬ አልተጀመረም። በተጋቡ ሰሞን ባሏ ራት ላይ ወሬ ይዞ ይመጣ ነበር። «ድሮ በሩቅ አገር፣» አለ አንድ ቀን፣ «ሥሩ ሰው የሚመስል ተክል ነበር። ሲነቅሉት ይጮሃል፣ ጩኸቱን የሰማም ይሞታል ይሉ ነበር። ስለዚህ ጆሯቸውን በሰም ደፍነው በውሻ ያስነቅሉት ነበር።» «ውሻውስ?» ብትለው ደስ ባለው ነበር። እሷ ግን «ምግቡ ቀዘቀዘ» ብላ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬውን ለጎብኚ ብቻ ማውራት ጀመረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሲበሉ በመሃላቸው የሚናገረው ሬዲዮኑ ብቻ ነበር።

የባሏ ታላቅ እህት ከሳሎን ተነስታ መጣች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቦት ጫማ አድርጋለች።

«ወንድሜን የበላው ያ ጓሮ ነው። ዛሬ አንዱም ቆሞ አያድርም» አለች።

«እትዬ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙን ተይው! ሰው ሁሉ የሚያወራውን አልሰማሽም?»

መስማቱንማ ሰምታለች። ጓሮው ከተነቀለ ሐሜቱ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው፤ ባሏ ለዘላለም በገዛ መርዙ የሞተ ሰው ይሆናል። ይህን እያወቀች መከልከል አቃታት። ተክሎቹን እሷም ብትሆን ወዳቸው አታውቅም፤ ስንት ጊዜ «ወይ እኔ ወይ እነሱ» ብላዋለች። ስለዚህ ሳሎን ገብታ መስኮቱ ሥር ቁጭ አለች፤ ለቅሶ ደራሹም ከኋላዋ ተደርድሮ ያይ ጀመር።

እህትየዋ በባዶ እጇ ነው የገባችበት። ጉሎውን ነቀለችው። አስተናግሩን ከነፍሬው ጎትታ ጣለችው። ቁልቋሉ አልነቀል ሲላት ቅርንጫፉን ሰበረችው፤ ነጭ ወተት እስከ ክንዷ ወረደ። ከዚያ አፈሩ ላይ ዘጭ ብላ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለች ማልቀስ ጀመረች፤ እንባዋን ልትጠርግም እጇን ወደ ፊቷ አነሳች።

«ዓይንሽን እንዳትነኪ!»

ሚስትየዋ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። የእህትየዋን ሁለት እጆች አፈፍ አድርጋ ያዘች። «ወተቱ እጅን ይምራል፣ ዓይንን ግን አይምርም» አለች። ቃሉ የሱ ነው። ተማሪዎቹን ሲያስጠነቅቅ እንደሚያደርገው «አይምርም» የምትለዋን እንኳ ጠበቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። ለካ አልሰማም ስትል የኖረችው ሴት ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ይህን ሳትነግረው ሞተ።

ጎትታ ቧንቧው ጋ ወሰደቻት፤ ሳሙና አነሳች።

«ዓይኔ ሊጠፋ ነው እንዴ?»

«እኔ እያለሁ? ዝም ብለሽ እጅሽን ስጪኝ።»

ውሃው ይወርዳል። እህትየዋ እንደ ሕፃን እጇን ዘርግታ ቆመች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «አልገደሉትም ነው የምትይው?» አለች።

«የሚውጠውን የልብ ኪኒን ታስታውሻለሽ? መጀመሪያ የተገኘው ከመርዘኛ አበባ ነው፣ እትዬ። ሲበዛ ይገድላል፣ ሲመጠን ልብን ያጸናል። 'እኔን መርዝ ነው ያቆየኝ' ይል ነበር።»

«ለኔ ነግሮኝ አያውቅም።»

«ለኔ ነግሮኛል» አለች ሚስትየዋ። «ብዙ ጊዜ ነግሮኛል።»

ሰዎቹ አሁንም መስኮቱ ላይ እንደ ተደረደሩ ነው። እሷ አላየቻቸውም። የእህትየዋን ጣቶች አንድ በአንድ ታጥባለች፤ መዳፏን፣ የጥፍሮቿን ሥር። ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የእህትየዋ ትንሽ ጣት ወደ ውስጥ ጠመም ያለች ናት፣ ልክ እንደ ባሏ ጣት። ስንት ዘመን ስታያት ኖራ ይህን አስተውላ አታውቅም።

«ለቋል እኮ አሁን» አለች እህትየዋ።

«ቆይ፣ ትንሽ» አለችና ያቺን ጣት እንደገና ሳሙና ቀባቻት።