ቱሳ ሲያሟሙቅ

ለአሰላ ከተማና ለአካባቢው የእግር ኳስ ወዳጆች በሙሉ፤ የጭላሎ ጮራ እግር ኳስ ክለብ የግራ መስመር ተጫዋች ቱሳ፣ ሐሙስ ጠዋት ካልሲውን አጥቦ ሽቦ ላይ አሰጣ።

ነገሩ እንዲህ በአዋጅ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ካልሲው አልቆሸሸም። ቱሳ ጉልበቱን ከተጎዳ ዓመት አልፎት ሁለተኛው ሊጋመስ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ካልሲው የጠጣው ላብ ቢጨመቅ ሲኒ አይሞላም። ግን እሁድ ጨዋታ አለ፣ ጨዋታ ያለበት ሰው ደግሞ ካልሲ ያጥባል። የካምፑ ምግብ አብሳይ እትዬ ተሻለች ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ ሆነው ሲያዩት ቆዩና፣

«በዚህ ደመና እስከ እሁድ ይደርቅልኛል ብለህ ነው?» አሉት።

«ካልደረቀም እርጥቡን አደርገዋለሁ፣ እትዬ።»

«አድርገው የኔ ልጅ። ላንተ ምን ለውጥ አለው።»

የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙትና ወዲያው «ማለቴ፣ አንተ ብርድ አይበግርህም» ብለው ገቡ። በዚያ ቀን ምሳ ላይ ከድስቱ ትልቁ ሥጋ ቱሳ ሳህን ላይ ተገኘ።

ካምፕ የሚሉት ክለቡ ተጫዋቾቹን የሚያሳድርበት ግቢ ነው። የቱሳ ክፍል ሁለት አልጋ አለው። አብሮት ይተኛ የነበረው ለሊሳ ግን «ታንኮራፋለህ» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ ቆይቷል። ቱሳ አያንኮራፋም። ኳስ ተጫዋች ጉዳት ይጋባል ብሎ ያምናል፤ በአፉ አይናገረውም እንጂ የተጎዳ ሰው ፎጣ አይነካም፣ ጫማውንም ከእሱ ጫማ ጎን አያስቀምጥም። ቡድኑ ለጨዋታ ከከተማ ሲወጣ አውቶቡሱ ማለዳ ይነሳል። ቱሳ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ከዚያ ወዲያ ግቢው የእሱና የዘበኛው ውሻ ነው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በሩን ሲነካው «ግባ» ያለበት ጊዜም አለ።

አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ያደረገለት ሐኪም ለመጨረሻ ጊዜ ሲመረምረው «ይህ ጉልበት ለኑሮ ይበቃሃል፤ ኳሱን ግን እርሳው» ብሎት ነበር። ቱሳ አሰላ ሲደርስ ለክለቡ ያቀበለው ግማሹን ነው፤ «ሐኪሙ ይበቃሃል ብሎኛል» አለ። ማንም የቀረውን አልጠየቀም። የቡድኑ ወጌሻ አብዶ በየጠዋቱ፣ እንዴት አደርክ በኦሮምኛ ብሎ፣ ያንን ጉልበት በቅባት ያሸዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ቱሳ?»

«ፈያ።»

«ዛሬ ላላ ብሎልሃል» ይላል አብዶ፣ ጣሪያውን እያየ።

«እኔም ታውቆኛል» ይላል ቱሳ፣ ግድግዳውን እያየ።

በተጎዳ ሰሞን ደጋፊው «ቱሳን አምጡ» እያለ የክለቡን ኮሚቴ ሲያዋርድ፣ አሠልጣኙ ኮች ወንደሰን አንድ መላ ዘየደ። በሜዳቸው ሲጫወቱ ቱሳን ከተቀያሪዎቹ ጋር ያስቀምጠዋል። ከዕረፍት በኋላ ጨዋታው ሞቅ ሲል «ተነስ፣ አሟሙቅ» ይለዋል። ቱሳ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ በመስመሩ ዳር ሶምሶማ ይሮጣል። ጥላ ፎቁ ላይ ያለው ተመልካች ብድግ ብሎ ያጨበጭባል፤ ቱሳም እጁን ያነሳል። ዳር ደርሶ ሲታጠፍ ጉልበቱ እንዴት እንደሚሆን ላለማየት ሁሉም ወደ ኳሱ ይዞራል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ የለም። ከዚያ ፊሽካ ይነፋል፣ ሰዉ ባጃጅ እየጠበቀ «ዛሬ ለጥቂት ነው ያልገባው» ይባባላል፣ ሁሉም በሰላም ይለያያል። ሁለተኛው የውድድር ዘመን እንዲህ እየተሟሟቀ መጨረሻው ላይ ደረሰ።

ሐሙስ ከሰዓት ኮሚቴው በካምፑ ምግብ አዳራሽ ተሰበሰበ። አዳራሹን ከቱሳ ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ጉዳዩም ቱሳ ነበር፤ ውሉ ከእሁዱ የመጨረሻ ጨዋታ ጋር ያልቃል፣ ይታደስለት ወይስ ይሰናበት ነው ነገሩ። ባለጉዳዩ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያዳምጣል።

«የኢተያ ቡድን ላይ ሁለት ጎል ያገባ ቀን በትከሻችን አልነበር የተሸከምነው?» አሉ ሊቀመንበሩ አቶ ገብረ መድህን።

«ተሸከምነው፣ አወረድነው» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። «አሁን አዲስ ተጫዋች ብናመጣ የት ይተኛል?»

«እሱ ክፍል ባዶ አልጋ አለ አይደል እንዴ?»

«እዚያ ማን ይተኛል፣ አቶ ገብረ መድህን?»



«ቢሆንም እኛ ቤት የተሰበረ ልጅ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «በሬ እንኳ እርሻ ላይ እግሩ ቢሰበር…»

«ይታረዳል» አለ ጎርናናው።

ሳቅ ተነሳና መሃል ላይ ተቆረጠ። ቱሳ አስሎ ነበር። ጉንፋን አልያዘውም፤ እንደው ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ለማሳወቅ ያህል ነው።

«ቱሳ የዚህ ክለብ ምሰሶ ነው» አሉ አቶ ገብረ መድህን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በኮምፔንሳቶው አቅጣጫ። ከዚያ ረጅም ሹክሹክታ ሆነ። ቱሳ ጮክ የሚባለው ለእሱ፣ የሚንሾካሾከው ስለ እሱ መሆኑን ከለየ ቆይቷል። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ እንደገና ጮክ አሉ።

«እንግዲያው እሁድ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ሜዳ ከገባ ውሉ ይታደሳል። ካልገባ በክብር ይሸኛል። ኮች፣ ምን ትላለህ?»

«እኔ ደስ ይለኛል» አለ ወንደሰን። «ጨዋታው ከፈቀደ።»

በዚህ ሁሉም ተስማማ። ቱሳን የሚያሰናብተው ጨዋታው እንጂ ሰው አይሆንም፤ ጨዋታን ደግሞ ማንም በከተማው መንገድ ላይ ፊት ለፊት አያገኘውም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቱሳ ብቻውን ወደ ሜዳው ሄደ። ከዳር አንድ የተፈታ የጋሪ ፈረስ ይግጣል እንጂ ሰው የለም። ቱሳ በመስመሩ ሮጠ። ቀጥታው ላይ ደህና ነበር፤ ደህና ከመሆንም አልፎ ለጥቂት እርምጃ ነፋሱ ጆሮው ላይ እንደ ድሮው ጮኸለት። ኳስ እንደሚያሻማ ሰው ገላውን ሲያዞር ግን ጉልበቱ ወደማይኬድበት ሄደ። ቱሳ በእጁ ሣሩን ተደግፎ ቀረ። ፈረሱ ቀና ብሎ አየው፣ አይቶም ወደ ግጦሹ ተመለሰ።

እዚያው ተቀምጦ አሰበ። አንድ ደቂቃ ብዙ አይደለም። መስመሩን ይዞ ቢቆም፣ ኳስ ከመጣችም ወደ ውጭ ቢመታት ያልፋል። ውል አለኝ ብሎ ደግሞ አንድ ዓመት ይተኛል፤ በዓመት ውስጥ ጉልበት ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል። ያ ካልሆነ ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ዴራ መመለስ ነው። እዚያ ያለው ወንድሙ ፍየሎቹን ሊያካፍለው ደስተኛ ነው። ፍየል ግን እንደ አሰላ ሕዝብ ጨዋ አይደለም፤ ይሮጣል፣ ወደ ኋላም አያይም።

እሁድ የመጣው የኢተያ ቡድን ነበር። ጮራ ቤት ሦስት ተጫዋቾች ሆዳቸውን ታመው ተኝተዋል። በተቀያሪ ወንበር ላይ ሁለተኛው በረኛ፣ አንድ አማካይና ቱሳ ብቻ ተቀመጡ። የበረኛው ጣት ተሰበረና ሁለተኛው በረኛ ገባ። ከዕረፍት መልስ አማካዩም ገባ። ቱሳ አጠገቡ የነበሩት ሁለት ወንበሮች ሲለቀቁ አየ፤ እጁን ጭኑ ሥር አስገብቶ አሞቀው።

አንድ ለአንድ ናቸው።

«ተነስ፣ አሟሙቅ» አለው ኮች ወንደሰን፣ እንደ ልማዱ ሳያየው።

ቱሳ ወጣ። ጥላ ፎቁ አጨበጨበ። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሦስተኛውን ሲጀምር፣ በግራ መስመር፣ በቱሳ ቦታ የሚጫወተው ለሊሳ ከኢተያው ተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። አብዶ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ። ቁርጭምጭሚቱን ነካ አድርጎ ወደ ወንበሩ ዞረና ሁለቱን እጆቹን በአየር ላይ አሽከረከረ፤ ይቀየር ማለቱ ነው። ለሊሳን በቃሬዛ አወጡት። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቶታል።

ጭብጨባው እንደገና ተነሳ፤ ከበፊቱም በረታ። ከዚያ ሰዎቹ ምን እየሆነ እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ፣ አንድ በአንድ ተዉት።

ቱሳ ሰደርያውን አውልቆ መስመሩ ላይ ቆመ።

አራተኛው ዳኛ የመቀየሪያ ሰሌዳውን ይዞ ወደ ወንበሩ መጣ። «ኮች፣ ማን ይገባል?»

ወንደሰን ወንበሮቹን አየ። ውኃ አለ፣ ፎጣ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ቱሳን አየው፤ ከእግሩ ሳይሆን ከፊቱ ጀምሮ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ቱሳ ዓይኑን አልሰበረም። በልቡ ግን አስገባኝ ይበል አታስገባኝ ይበል ራሱም አላወቀም።

«ሰው የለኝም» አለ ኮቹ።

አራተኛው ዳኛ ቱሳን አየ፣ ኮቹን አየ፣ ሰሌዳውን በብብቱ ሥር አደረገው።

ጥላ ፎቁ ላይ «ቱሳን አስገቡ» ያለ ሰው አልነበረም። የተሳደበም የለም። አቶ ገብረ መድህን ኮታቸው ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈልጉ ጀመር። የመሃል ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ጮራ በአሥር ሰው ቀጠለ። ቱሳ መስመሩን ለቆ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳይደብቅ እያነከሰ ወደ ወንበሩ ሄደ።